አዳማ ላይ ልጄን ቪታሚን ዲ ያስመረመርኩበት የህጻናት ክሊኒክ (ረጅም ነው፣ ወላጅ የሆነ ግን ያንብበው)

ይሄን ሪቪው ልጽፍ ካሰብኩ ቆየሁ፣ ሱቁም ልጆቹም ፋታ አልሰጥ ብለውኝ ነው እንጂ። ሁለተኛው የደም ውጤት ትናንት ስለወጣ አሁን ከመጀመሪያው ጀምሬ ልንገራችሁ። ክሊኒኩ እዚሁ አዳማ ነው፣ አነስ ያለ የህጻናት ክሊኒክ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ኮብልስቶኑ ላይ። ስሙን የማልጠራው ታሪኩ ውስጥ ሌላ ላብራቶሪም ስላለ ነው፣ የዛን ስም ማንሳት አልፈልግም፣ የአንዱን ከጠራሁ ደግሞ የሌላውም መታወቁ አይቀርም። የቸገረው ሰው ኢንቦክስ ያድርገኝ የክሊኒኩን እነግረዋለሁ።

ልጄ 12 አመቱ ነው፣ 6ኛ ክፍል። እስከ 5ኛ ድረስ አንዴ የነገሩትን የማይረሳ ልጅ ነበር፣ የሱቁን የእቃ ዋጋ እንኳን ከኔ በላይ እሱ ነበር የሚያስታውሰው። ባለፈው መስከረም ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ግን ሌላ ልጅ ሆነብኝ። ማታ አብረን ያጠናነውን ጠዋት ስጠይቀው ጭራሽ የለም፣ በቃሉ የሚያውቀው ማባዣ 7 ጊዜ 8 ላይ ይቆምና አይን አይኔን ያየኛል። ደሞ ማታ ማታ "እማ እግሬን" ይለኛል፣ የት ጋ ስለው ቅልጥሙን ነው የሚያሳየኝ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነን፣ ያንን ደረጃ እየዘለለ ይወጣ የነበረ ልጅ ሶስተኛው ላይ ቁጭ ብሎ ቦርሳውን ያቅፋል። የህዳር ሚድ ሲመጣ ሂሳብ ከ30 11። ቲቸሩ ደውሎ "እትዬ፣ ልጁ ክፍል ውስጥ አካሉ እንጂ ሀሳቡ የለም" አለኝ። እኔ መጀመሪያ ያደረግኩት መቆጣት ነው፣ ስልኩን ቀማሁት፣ ከትምህርት ቤት መልስ ማጠናከሪያ ጨመርኩበት፣ ቅዳሜንም ጭምር። ይሄን ስጽፍ አሁንም ያመኛል።

እማዬ ከወንጂ ልትጠይቀን መጥታ አንድ ሳምንት ስትቀመጥ ሁለተኛው ቀን ላይ ነው የነቃችው፣ "ይሄ ልጅ ገርጥቷል፣ ከቤት የሚወጣው መቼ ነው፣ ፀሐይ አሙቂው እንጂ" አለችኝ። እማዬ፣ አዳማ ላይ የፀሐይ ችግር ነው እንዴ የምታወሪው፣ ፀሐዩ ነው እኮ የገደለን ብዬ አለፍኳት።

ከዛ ቴሌግራም ላይ ያየሁት ሲረፕ አለ። "የልጅዎን የማስታወስ ችሎታ በ2 ሳምንት" ምናምን የሚል፣ ፎቶው ላይ መነጽር ያደረገ ፈረንጅ ህጻን ያለበት። 1,800 ብር በቴሌብር ልኬ በባጃጅ አመጡልኝ። ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሁፍ የማላውቀው ቋንቋ ነው፣ ልጁ ጣዕሙን ወደደው፣ ሶስት ሳምንት ጨረሰው፣ ምንም። ስለሱ ይሄን ያህል ይበቃል።

ቀጥሎ ጎረቤቴ ቪታሚን ዲ አስመርምሪው የኔም ልጅ እንደዛ ሆኖ ነበር አለችኝ። እሺ ብዬ ለስራ በሚቀርበኝ ላብራቶሪ ወሰድኩት፣ 2,000 ብር ገደማ ከፈልኩ፣ ናሙናው አዲስ አበባ ስለሚላክ ከአራት ቀን በኋላ ነይ አሉኝ። በአራተኛው ቀን ሄጄ ወረቀቱን ተቀበልኩ። አንድ ቁጥር ነው ያለው፣ 35። ካውንተር ላይ ያለችውን ልጅ ምን ማለት ነው ስላት ወረቀቱን ገልበጥ አድርጋ አይታ "ደህና ነው እትዬ፣ ችግር የለውም" አለችኝ። እኔም ቤት ገብቼ ስልኬ ላይ ፈለግኩ፣ ከ30 በላይ ጥሩ ነው ይላል። 35 ከ30 ይበልጣል፣ በቃ ተገላገልን ብዬ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ልጄን ደግሞ "አየህ፣ ምንም አልሆንክም፣ ስንፍና ነው" አልኩት። ወር ሙሉ ነው ወረቀቱ እዛ መሳቢያ ውስጥ የተኛው።

ወደዚህ ክሊኒክ የወሰድኩት ለጉንፋን ነው፣ ሌላ ሀሳብ አልነበረኝም። ጥር ላይ ጉሮሮውን አሞት ትኩሳት ሲይዘው አንዲት ደንበኛዬ እዛ ዶክተሯ ጥሩ ናት አለችኝና ሄድን። ካርድ 300 ብር፣ ወረፋው አንድ ሰዓት ተኩል፣ መጠበቂያው ጠባብ ነው፣ ወንበሩ አይበቃም፣ እናቶች ልጅ አዝለው ቆመው ነው የሚጠብቁት፣ ይሄን ቢያስተካክሉ ደስ ይለኛል ለራሳቸውም ነግሬያቸዋለሁ። ግን ዶክተሯ ጋር ስትገቡ ያ ሁሉ ይረሳችኋል። ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች። ጉሮሮውን አየች፣ ጆሮውን አየች፣ ከዛ እሱን እንጂ እኔን አልጠየቀችም፣ "ማሙሽ ሌላ የሚያምህ አለ?" አለችው። "እግሬን" አላት። እኔ ቶሎ ብዬ ገባሁ፣ አይ ዶክተር እሱ ተመርምሯል ቪታሚኑ ደህና ነው 35 ነው አልኳት። ፎቶውን ስልኬ ላይ ስላነሳሁት አሳየኋት።

ስክሪኑን በሁለት ጣቷ አሰፋችው። ከቁጥሩ አጠገብ ደቃቅ ጽሁፍ አለ፣ እኔ ጭራሽ ያላየሁት። "እናቱ፣ ይሄ እኮ ናኖሞል በሊትር ነው፣ እርስዎ ኢንተርኔት ላይ ያዩት 30 ደግሞ ናኖግራም በሚሊ ሊትር ነው፣ ሁለቱ አንድ መለኪያ አይደሉም" አለችኝ። እስክሪብቶ አነሳችና የቀጠሮ ካርዱ ጀርባ ላይ 35 ጻፈች፣ ለ2.5 አካፈለችው፣ 14 ወጣ፣ 14ቱን ከበበችበት። ከ20 በታች እጥረት ይባላል አለችኝ፣ በዛኛው መለኪያ ከሆነ ከ50 በታች ማለት ነው። ልክ ኪሎና ፓውንድ እንደ ማምታታት ነው። እዛች ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ልጄን ስንፍና ነው ያልኩት ትዝ አለኝ፣ እንባዬ መጣ፣ ዶክተሯ ሶፍት አቀበለችኝና ምንም አልተናገረችም፣ እስክረጋጋ ጠበቀችኝ። ውጪ ሀያ ሰው ወረፋ እየጠበቀ።

ስለዚህ ማንም ሰው የቪታሚን ዲ ውጤት ሲቀበል ከቁጥሩ ጎን የተጻፈውን መለኪያ ይይ፣ መደበኛው መጠን ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ካልሰፈረ ጻፉልኝ ብሎ ይጠይቅ። የመጀመሪያው ላብራቶሪ ማሽኑ አልተሳሳተም፣ ቁጥሩ ትክክል ነው፣ የጎደለው ቁጥሩን ለሰው የማስረዳት ነገር ነው።

አሁን ወደ ጭንቅላቱ ጉዳይ ልምጣ፣ ምክንያቱም እኔን ያስጨነቀኝ እሱ ነበር። ዶክተር፣ ይሄ ነገር ነው ልጄን የሚያስረሳው? አልኳት። የሰጠችኝን መልስ ነው በጣም የማከብርላት። "እግሩንና ድካሙን በዚህ ላሳብብልዎት እችላለሁ፣ መርሳቱን ግን ምክንያቱ ይሄ ብቻ ነው ብዬ አልፈርምልዎትም" አለችኝ። ከዛ አስረዳችኝ፣ እኔም ቤት ገብቼ ሌሊት እያነበብኩ ጨመርኩበት፣ የገባኝን በኔ ቋንቋ ልጻፍላችሁ።

ቪታሚን ዲ ለአጥንት ብቻ ይመስለን ነበር አይደል። ቆዳችን ፀሐይ ሲያገኘው ይሰራዋል፣ ከዛ ጉበት ይቀይረዋል፣ ከጉበት ኩላሊት ጋ ሄዶ ደግሞ ስራ የሚሰራው አይነት ይሆናል። የደም ምርመራው የሚለካው ጉበት የቀየረውን ነው። ይሄ ነገር ሰውነት ውስጥ የሚሰራው መቀበያው ያለበት ቦታ ላይ ነው፣ መቀበያው ፕሮቲን ነው፣ ልክ ቁልፍና ቁልፉ የሚገባበት ቀዳዳ በሉት። ያ ቀዳዳ ደግሞ አንጎል ውስጥም አለ፣ ሂፖካምፐስ የሚሉት አዲስ ነገር የምንመዘግብበት ክፍል ላይ ጭምር። እና ቁልፉ ሲጠፋ ምን ይሆናል ብለው አይጥ ላይ ሞክረዋል።

አንደኛው አሜሪካ ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ በ2013 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ነው፣ አለን በተርፊልድ የሚባል ተመራማሪ የመራው። ጎልማሳ አይጦችን ቪታሚን ዲ ያነሰው ምግብ ለወራት አበሏቸው፣ ሌሎቹን ደግሞ በቂ ያለው። ከዛ አንጎላቸውን ሲያዩ ዲ ያነሳቸው አይጦች አንጎል ውስጥ ያሉ ብዙ ፕሮቲኖች ተጎድተዋል፣ ፍሪ ራዲካል በሚባሉ ነገሮች። ዶክተሯ ለኔ ያስረዳችኝ በዝገት ነው፣ ብረት አየርና እርጥበት ሲያገኘው እንደሚዝገው ፕሮቲኑም ላዩ ላይ የማያስፈልግ ነገር ይለጠፍበትና ቅርጹ ይበላሻል፣ ቅርጹ የተበላሸ ፕሮቲን ደግሞ ስራውን አይሰራም። አንጎል ውስጥ ሁሉን የሚሰሩት ፕሮቲኖች ናቸው፣ ጉልበት የሚያመነጩት፣ መልእክት የሚያቀብሉት፣ ሁሉም። እነዛ አይጦች የመማርና የማስታወስ ፈተና ሲሰጣቸውም ከሌሎቹ አንሰው ተገኙ።

ሁለተኛው አውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ 2019 እ.ኤ.አ.፣ ቶማስ በርን የሚባል ሰው ያለበት ቡድን። ጤነኛ አይጦችን ለ20 ሳምንት ቪታሚን ዲ ከምግባቸው አወጡባቸው፣ መማርና ማስታወስ ላይ በግልጽ ቀነሱ። እዛ ላይ ያዩት ነገር እኔን ይበልጥ ገረመኝ፣ አንዳንድ የነርቭ ሴሎች ዙሪያቸውን እንደ መረብ የሚከባቸው ነገር አለ፣ ከፕሮቲንና ከስኳር የተሰራ፣ ፔሪኒውሮናል ኔት ይሉታል፣ አንዱ ሴል ከሌላው ጋር ያለውን ግንኙነት አጽንቶ የሚይዝ። ዲ ያጡት አይጦች ሂፖካምፐስ ላይ ያ መረብ ሳስቷል። እናታችን ስፌት ስትሰፋ አክርማው ከላላ ሞሰቡ ቅርጹን እንደማይዝ አይነት ነገር ነው የታየኝ።

ግን (ይሄን ግን ደግማ ደጋግማ ነው የነገረችኝ) አይጥ ናቸው። ሰው ላይ ቪታሚን ዲ ያነሳቸው ሰዎች የማስታወስ ፈተና ላይ አንሰው የታዩባቸው ጥናቶች አሉ፣ ሆኖም ቀድሞ የቱ እንደመጣ አያሳዩም፣ የታመመ ሰው ከቤት ስለማይወጣም ሊያንሰው ይችላል። አዋቂዎች ላይ የተሰሩት ትልልቅ ሙከራዎች ደግሞ ቪታሚን ዲ ክኒን መዋጥ የማስታወስ ችሎታን ያሻሽላል የሚል ውጤት አላመጡም። "ስለዚህ የጎደለውን እንሞላለን፣ የሞላ ሰው ላይ ግን ስንጨምርለት ጎበዝ አናደርገውም" አለችኝ። የቴሌግራሙን ሲረፕ ጠርሙስ በሌላ ቀን ይዤላት ሄጄ ስታነበው ቪታሚን ዲ ያለው ለአንድ ማንኪያ 200 ዩኒት ነው። ለሱ እድሜ ጤነኛ ልጅ እንኳን በቀን የሚያስፈልገው 600 ነው። እጥረት ላለበት ልጅ እሱ ምንም ማለት አይደለም፣ ከየት እንደመጣ፣ ፀሐይ ላይ ይቀመጥ አይቀመጥም አይታወቅም፣ የምግብና መድኃኒት ባለስልጣን የመዘገበውን ከፋርማሲ ግዙ አለችኝ።

በመጀመሪያው ቀን ሌላም ነገር አዘዘች፣ የደም ማነስ (ደህና ነው)፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ፊደል እያስነበበች አይኑን (ደህና ነው)፣ ከዛ "ስንት ሰዓት ትተኛለህ" አለችው። 6 ሰዓት አላት። እኔ 3 ሰዓት የተኛ ነበር የሚመስለኝ፣ ለካ የታናሹን ታብሌት ብርድ ልብስ ውስጥ ይዞ ነው። እሷ አልተቆጣችም፣ የቀን ውሎህን ንገረኝ ብላ ከጠዋት ጀምሮ አስቆጠረችው፣ ጠዋት በሰርቪስ፣ ክፍል፣ በሰርቪስ ማጠናከሪያ፣ ማታ ቤት፣ ቅዳሜ ማጠናከሪያ፣ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ቤት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ "ፀሐይ የሚያገኝህ መቼ ነው?" አለችው። ልጄ ትንሽ አሰበና "መስኮት ጋር" አላት።

እውነቱን ነው። ሳሎናችን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይገባዋል፣ ፍራሹ ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ ያርፋል፣ እሱ ደብተሩን ይዞ እዛ ብርሃኗ ላይ ይተኛል፣ ብርሃኗ ስትንቀሳቀስ እሱም ደብተሩን እየጎተተ ይከተላታል። እኔ ሳየው ደስ ይለኝ ነበር፣ ቢያንስ ፀሐይ እያገኘ ነው እል ነበር። ለካ መስታወት ቪታሚን ዲ የሚሰራውን ጨረር ያስቀራል። ሙቀቱ ይገባል፣ ብርሃኑ ይገባል፣ ያ ጨረር ግን ውጪ ይቀራል። የሰርቪስ መስኮትም ያው ነው። አራት ወር ሙሉ ልጄ ፀሐይ ላይ ተኝቶ ፀሐይ አላገኘም።

ዶክተሯ ቀጥላ ያለችኝን ስሰማ ደግሞ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ገባኝ። ይሄ ነገር እዚሁ አዳማ ተጠንቷል። 2015 እ.ኤ.አ. ላይ የታተመ ጥናት አለ፣ አዳማ ከተማና በዙሪያዋ ባለው ገጠር የሚማሩ 174 ተማሪዎች ደም ተለክቶ 42 በመቶዎቹ እጥረት አለባቸው። ከተማና ገጠር ሲለዩት ደሞ ከተማው ውስጥ 61.8 በመቶ፣ ገጠሩ 21.2 በመቶ። የገጠሩ ልጅ ከብት ሲጠብቅ፣ በእግሩ ትምህርት ቤት ሲመላለስ ቆዳው ስራውን ይሰራል፣ እኛ ደግሞ የተሻለ አሳደግን ብለን በሰርቪስ ወስደን በሰርቪስ እንመልሳለን። ከእጥረቱ ጋር ተያይዘው የተገኙት ነገሮች ውስጥ ፀሐይ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ማነስ አለበት፣ ቤት ውስጥ ቲቪ ወይም ኮምፒውተር መኖር አለበት። የጥናቱ ርዕስ ራሱ የአስራ ሦስት ወር ፀሐይ ባለበት አገር የሚል ነው። አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ ለቱሪስት ያወጡልን መፈክር እኮ ነው፣ እኛ ልጆቻችንን ቆልፈንባት። እማዬ ጋ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኳት፣ "ታዲያ ምን አልኩሽ" ብላ ዘጋችው።

ስለ ፀሐዩ የተባልኩትን ልጻፍ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ። እኛ ህጻን ስናሞቅ ጠዋት 1 ሰዓት 2 ሰዓት ነው የለመድነው፣ የዛን ሰዓት ፀሐይ ደስ ትላለች ግን ቪታሚን ዲ የሚሰራው ጨረር ገና ደካማ ነው። ጠንካራ የሚሆነው ፀሐይ ከፍ ስትል ነው፣ ምልክቱ ጥላህ ከቁመትህ ሲያጥር ነው አለችው ለልጄ፣ እሱ ይሄን ወዶት አሁን ጥላውን እየለካ ነው የሚወጣው። በኛ ሰዓት ከ4 እስከ 9 ባለው ማለት ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ከነጭ ቆዳ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፣ እጅና እግር መገለጥ አለበት፣ ፊት ብቻ አይበቃም፣ ቆዳ እስኪቃጠልም አይደለም። አዳማ ላይ እኩለ ቀን ሙቀቱ ስለሚከብድ እኛ 4 ሰዓት ተኩል አካባቢ አደረግነው በእረፍት ቀን፣ በትምህርት ቀን ደግሞ የምሳ እረፍት ላይ ሜዳ እንዲወጣ ከቲቸሩ ጋር ተነጋገርኩ። ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፣ ሴቶች ልጆቿ ተሸፍነው ነው የሚወጡት፣ እሷም ጠይቂልኝ ስትለኝ ዶክተሯ ሰው የማያያችሁ ግቢ ወይም ጣሪያ ካለ እዛ፣ ከሌለም በሀኪም የታዘዘ ጠብታ ይበቃል አለች፣ ማንንም አለባበስሽን ቀይሪ አላለችም፣ ደስ አለኝ።

ምግቡ ላይ ብዙ ተስፋ እንዳታደርጉ፣ ቪታሚን ዲ ያለው ምግብ ጥቂት ነው። ቅባት ያለው አሳ፣ የእንቁላል አስኳል፣ ጉበት። እኛ ደሞ ጾሙ አለ፣ ልጁ አሁን መጾም ጀምሯል። ዘይት ስትገዙ ቪታሚን ኤ እና ዲ የተጨመረበት ከሆነ ጀሪካኑ ላይ ይጽፋሉ፣ እሱን እያዩ መግዛት ነው።

መድኃኒቱን ለ6 ሳምንት ሰጠችው፣ በሳምንት አንዴ የሚወሰድ ከፍ ያለ መጠን፣ ከዛ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ። መጠኑን እዚህ የማልጽፈው ሆን ብዬ ነው፣ ኮፒ የሚያደርግ ሰው አለ። ይሄ ቪታሚን ውሃ ውስጥ ከሚሟሟው አይነት አይደለም፣ ስብ ውስጥ ነው የሚጠራቀመው፣ ከበዛ በሽንት አይወጣም፣ ደም ውስጥ ካልሲየም አብዝቶ ኩላሊት ድረስ ይጎዳል። ከ9 አመት በላይ ላለ ሰው ያለ ሀኪም ትዕዛዝ በቀን ከ4,000 ዩኒት ማለፍ እንደሌለበት ነግራኛለች። አንዲት እናት መጠበቂያው ላይ ከዱባይ የመጣ ትልቅ ሰው የሚውጠውን ለ5 አመት ልጇ በየቀኑ እየሰጠች እንደሆነ ስትነግረኝ እጇን ይዤ ነው ዶክተሯ ጋር ያስገባኋት፣ ወረፋ ያላቸውን ለምኜ።

አገልግሎቱን በተመለከተ ልጨርስ። ጥሩው ነገር ዶክተሯ ጊዜ ትሰጣለች፣ ልጁን ራሱን ታናግራለች፣ የማታስፈልግ ምርመራ አታዝም። እኔ ልጄን ሲቲ ስካን አንሺልኝ ብያት ነበር፣ አያስፈልገውም፣ ብርዎንም ልጁንም አያድክሙ ብላ መለሰችኝ፣ ሌላ ቦታ ቢሆን ያነሱልኝ ነበር ብዬ አስባለሁ። ደም የሚቀዳው ልጅ እጁ ቀላል ነው፣ አንድ ጊዜ ወግቶ ጨረሰ፣ ልጄ መርፌው ሲወጣ ነው የጀመረ የመሰለው። ውጤት ሲሰጡ መለኪያው፣ መደበኛው መጠንና የሀኪሙ ማብራሪያ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ተጽፎ ነው የሚሰጧችሁ፣ ይሄ ለኔ ከምንም በላይ ነው። ያልወደድኩት ወረፋው፣ ወንበሩ፣ ደሞ ስልክ አያነሱም፣ ሶስት ቀን ደውዬ በአካል ነው ቀጠሮ ያስያዝኩት። ሽንት ቤቱ ንጹህ ነው ግን ውሃ የሚጠፋበት ቀን አለ፣ ያው ከተማው ነው። ዋጋው ከመንግስት ጤና ጣቢያ ይወደዳል፣ ክትትሉን ሁሉ ስደምረው መድኃኒቱን ጨምሮ 6,000 ብር አካባቢ ወጥቶብኛል፣ ለብዙ ሰው ቀላል አይደለም። አቅሙ ለሌለው ሰው ደምም ሳይመረመር ልጁን ሜዳ ማውጣት ምንም አይከፈልበትም፣ ይሄን ራሷ ዶክተሯ ናት ያለችኝ፣ ግን እግሩ የጎበጠ ወይም መራመድ ያስቸገረው ልጅ ካለ ሳይውል ሳያድር ሀኪም ይየው ብላለች።

አሁን እንዴት ሆነ ትሉኛላችሁ። እግሩን ማለት ያቆመው በሁለተኛው ወር ነው፣ መቼ እንዳቆመ ራሱ አላስተዋልኩም፣ አንድ ቀን ደረጃውን እየዘለለ ሲወጣ ድምጹን ሰምቼ በር ከፍቼ ቆምኩ። ታብሌቱ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ እኔ መኝታ ቤት ይገባል፣ 3 ሰዓት ተኩል ይተኛል። ቅዳሜ ማጠናከሪያውን አስወጣሁት፣ አሁን ቅዳሜ ጠዋት ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ነው፣ መጀመሪያ የሚያውቀው ሰው ስላልነበረ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር፣ አሁን በረኛ አድርገውታል። ሁለተኛው ሚድ ላይ ሂሳብ ከ30 21 አመጣ። የእንቅልፉ ይሁን የፀሐዩ ይሁን የኳሱ፣ ወይ እኔ መቆጣት ስላቆምኩ፣ አንዱን ለይቼ ይሄ ነው አልልም፣ ለዶክተሯ ስነግራትም "ሁሉም አብረው ይቀጥሉ" ነው ያለችኝ። 7 ጊዜ 8 ግን ይመልሳል።

ትናንት የወጣው ውጤት 31 ነው። ናኖግራም በሚሊ ሊትር። ወረቀቱን ሲሰጡኝ መጀመሪያ ያየሁት መለኪያውን ነው፣ ልጄ ደሞ ከጎኔ ቆሞ "እማ በዛኛው ስንት ይሆናል" ብሎ በ2.5 አባዛና 77.5 አለኝ፣ በጭንቅላቱ።

ቀጣዩ ቀጠሮ ከስድስት ወር በኋላ ነው። የምትሄዱ ካላችሁ ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ድረሱ፣ ቅዳሜ እስከ 6 ሰዓት ብቻ ነው የሚሰሩት፣ የድሮ የደም ውጤት ካላችሁ ከየመሳቢያው ፈልጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ።